ወደ ጣሳው ያልተመለሰች ጥይት

ኔልዳ ጠንቃቃ ሴት ናት፤ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ፣ በምትኖርባት ትንሽ ከተማ ይህን የሚክድ የለም። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድ ልጅ እንኳ አልተጫረባትም። ጡረታ ስትወጣ ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አወጣችና፣ ባለፈቃድ ሴቶችን ሰብስባ በየሐሙሱ ከሰዓት ተኩስ መለማመድ ጀመረች። «ፈቃዱ ብቻውን ምን ይሠራልሻል? እጅሽ ካልለመደ ለራስሽም ጠንቅ ነሽ!» ትላለች።

ልማዳቸው እንዲህ ነው። አንዷ የሌላዋን የሽጉጥ ካዝና በጥይት ትሞላለች፤ ከደህናዎቹ ጥይቶች መሃል ባሩድ የሌላት፣ ቀይ የፕላስቲክ ጥይት ትደብቃለች። ምላጩ ተስቦ «ቀጭ» ብቻ ሲል፣ ተኩሱን ፈርታ የጠበቀችው ሴት አፈሙዟ ወደ መሬት ይደፋል፤ ያኔ ሳቁ አይጣል ነው። ሲያበቁ ቀዮቹ ተቆጥረው ጣሳ ውስጥ ይመለሳሉ። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ኔልዳ ናት፤ አንዷ ከረሳች ቁጣዋ አያድርስ ነው።

አንድ ሐሙስ ግን ጓደኛዋ ትዊላ የሞላችላትን ካዝና አስገብታ፣ አቀባብላ፣ ልትተኩስ ስትል እንቁላል የሚያህል በረዶ ይወርድ ጀመር። ሁሉም ወደየመኪናው ሮጠ። ኔልዳም ሽጉጧን ወገቧ ላይ ሻጥ አድርጋ ሮጠች። ጣሳውን ማን አስታውሶት!

እሁድ ጠዋት ጉንፋን ጥሏት ከቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ባሏ ዴልበርት ብቻውን ሄደ። በዚያ ወር እዚያው ሰፈር ሁለት ቤት በጠራራ ፀሐይ ተዘርፏል። የጓሮው በር ሲከፈት ስትሰማ ከሐሙስ ወዲህ ያልነካችውን ሽጉጧን ይዛ ወጣች፤ ዴልበርት በጓሮ ገብቶ አያውቅማ። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መሳቢያ ይፈትሻል።

«ማነህ? እጅህን አሳየኝ!»

እሱ መፈተሹን አላቋረጠም። ሰውዬው አንድ ጥቁር ነገር ይዞ ሊዞር ሲል ምላጩን ሳበች።

ቀጭ።

ከቆቡ ስር የወጣው የዴልበርት አፍንጫ ነበር። ሽጉጡ እንዴት የሌሊት ልብሷ እጥፋት ውስጥ እንደገባ አታውቅም።

«ውይ፣ ቀሰቀስኩሽ እንዴ?» አለ፣ ጥቁሩን የመነጽር ማኅደር እያሳያት። «መነጽሬን ረስቼ እኮ ነው። ካፖርቱ የሰው ነው፣ ዝናቡ አስለበሰኝ። በፊት ለፊቱ በር በጭቃ ጫማ ብገባ ትገድይኛለሽ ብዬ በጓሮ መጣሁ!»

ያለሱ የማይሰማበትን የጆሮ ማዳመጫውንም ረስቷል፤ ምንም አልሰማም። ሻይ በማር አፍልቶላት ተመልሶ ሄደ።

ኔልዳ ሽጉጡን ስታራግፍ ቀይዋ ጥይት ወለሉ ላይ ወደቀች። እዚያው ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አራት ቀን እህል አልወርድ አላት። «ደንግጬ ነው፤ እጄ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ ደህና ጥይት ቢሆንም እስተው ነበር» እያለች ራሷን አባበለች። የቀረቻት ተስፋ ይህች ብቻ ነበረች፤ ሐሙስ ወደ ልምምዱ የሄደችውም እጇን ለመፈተን ነው።

ትዊላ ካዝናውን ሞላችላት። አንድ ተኮሰች፣ ሁለት ተኮሰች። ሦስተኛው ቀጭ አለ።

አፈሙዙ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።

«አንቺ ሴትዮ ሰው ነሽ ወይስ ድንጋይ?» ብላ ትዊላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። «በይ ንገሪን፣ ቁርስሽን ምን በላሽ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ኔልዳ ሽጉጡን ባዶ አድርጋ ለትዊላ አስረከበችና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ዴልበርት በረንዳው ላይ ድንች ሲልጥ ደረሰች። ሐሙስ ሐሙስ የሚጠይቃትን ጠየቃት፤ «እህስ፣ ዛሬስ ሳትሽ?»

«አልሳትኩም» አለች።

አልሰማትም፤ መዳፉን ጆሮው ላይ ደግኖ ጎንበስ አለላት። ቤት ገብታ የጆሮ ማዳመጫውን አመጣችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«አድርገው፣ ዴልበርት። የምነግርህ ነገር አለኝ።»