መኪናዬ የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን

ሙሽራ ለራሱ ሽምግልና አብሮ አይሄድም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ሾፌር ስለነበርኩ ሄጃለሁ። ሽማግሌዎቹን ከቢቸና ሞጣ አድርሼ፣ የልጅቱ ቤት ከሚታይበት መታጠፊያ ቀድሜ መኪናዋን አቁሜ፣ ወንበሬን ወደኋላ ለጥጬ ተደብቄያለሁ። ሞጣ በሙሉ እንዳየኝ ያወቅሁት በኋላ ነው።

መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የገዛኋት ከአንድ ጡረተኛ መምህር ነው። ቁልፉን ሲሰጠኝ “ትዕግሥት ታስተምርሃለች” አለኝ። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ዘመናቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው። እሳቸው “ይሁን” ካላሉ እናቴ ለሠርጌ ጌሾ አታስወቅጥም። ሁለተኛው ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሞጣ ተወልደው ስላደጉ የልጅቱን አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል።

በመጀመሪያው ጉዞ ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልን፣ መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ስንደርስ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ። ቁልፉን ደጋግሜ ባዞር ያጓራል እንጂ አይነሣም። የንስሐ አባቴ በመስኮት አዩና “ሳንሳለም ልናልፍ ነበር” አሉ። ወርደው ተሳለሙ፤ ዳዊታቸውን አውጥተው ይደግሙ ጀመር። ነጋዴው ዛፍ ሥር አረፍ አሉ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ የማላውቀውን ነገር ሁሉ በጥሞና ተመለከትኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሣች።

“አየህ?” አሉኝ የንስሐ አባቴ።

ምን ልበል፤ አየሁ።

ሞጣ ስንደርስ ቀጠሮው አልፏል። የልጅቱ አባት “ሽማግሌ በጧት ነው የሚመጣ” ብለው ለሌላ ቀን ቀጠሩን። ስንመለስም መኪናዋ መንገድ ላይ ቆመች፤ በዚህኛው ቦታ ግን ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ያለው የእህል ወፍጮ ነው። ነጋዴው ዙሪያውን ቃኙና “አባ፣ እዚህስ ምን ልትሳለሙ ነው?” ሲሉ ጠየቁ። የንስሐ አባቴ ጥቂት አሰቡ። “ከኮረብታው ጀርባ አንድ ገዳም ሳይኖር አይቀርም” አሉ።

ቢቸና ያለው መካኒኬ ካንዴላዎቹን ለወጠ፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ለወጠ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ። መኪናዋ እሱ ጋራዥ ስትገባ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰነፍ ተማሪ ሕመሟ ይጠፋል። “ምንም የላትም” ብሎ መለሰልኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ፊት፣ እንደገና ሁለት ጊዜ አሳለች። የንስሐ አባቴ አሁን ዳዊታቸውን አላወጡም።

“ልጄ፣ ይህ ጋብቻ አልተፈቀደም። ተመለስ።”

“አባ፣ በሚኒባስ እንሂድ።”

“ምልክቱ የተሰጠ በዚችው ነው። በሌላ መኪና ብንሄድ ከእግዜር መደበቅ ነው የሚሆን።”

ያዳኑኝ ነጋዴው ናቸው። “አባ፣ አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ሽማግሌስ ቢሆን ሦስት ጊዜ አይደል የሚመላለስ? አንዲት ቀን ይጨምሩለት።”

የንስሐ አባቴ መቋሚያቸውን አሻሹ። “መልካም። ሳትቆም ካለፈች ፈቃዱ ነው። ከቆመች ግን እኔን እንዳትጠራኝ።”

ለልጅቱ በስልክ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ “ከቆመችስ?” አለች። ጥያቄዋ አስፈራኝ። አባቷ ሦስተኛ ቀጠሮ የሰጡት በስንት ልመና ነው፤ አራተኛ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ያ ወፍጮ ትዝ አለኝ። ከቢቸና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከሞጣ እስከ ወፍጮው የሚፈጀውን ጊዜ ሳስተያየው እኩል ነው። መኪናዋ የምትቆመው ቦታ መርጣ ሳይሆን ሰዓት ጠብቃ ነው። ሮጬ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩና “ጋራዥህ ውስጥ አትያት፤ አብረኸኝ ውጣ” አልኩት።

በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በደጀን መንገድ ነዳን። ሰዓቷ ሲደርስ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ሁለት ጊዜ አስላ ቆመች። መኪና ቆሞበት እንደኔ የጨፈረ ሰው ያ መንገድ አይቶ አያውቅም። መካኒኩ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ጫፉን ከሞተሩ ብረት አስጠጋና “አስነሣ” አለኝ። ብልጭታ የለም። ቀጥሎ ኮይሉን፣ ማለት የባትሪውን ትንሽ ኃይል አጎልብቶ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልከውን ጣሳ መሳይ ዕቃ፣ በመዳፉ ነካና እጁን መነጨቀ። ጨርቅ በውኃ እያራሰ ደጋግሞ ጠቀለለበት። ጥቂት ቆይተን ስንሞክር ሰማያዊ ብልጭታ ጠሽ አለ።

“ሲግል ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሣል” አለ መካኒኩ። የንስሐ አባቴ ዳዊት ሲደግሙ ኮይሉ እየበረደ ነበር ማለት ነው።

ከደጀን አዲስ ኮይል አስመጥቼ አስገጠምኩ። ለንስሐ አባቴ ቀርቤ መናገር ነበረብኝ። ግን “የሚጠገን ምልክት አይደለም” ካሉኝስ ብዬ ፈራሁ፤ ልጅቱን ደግሞ እወዳታለሁ። አዲሱ ኮይል ኮፈኑ ሲከፈት እንዳያብረቀርቅ የተቃጠለ ዘይትና አቧራ ቀባሁት። ሲያልቅ ከመኪናዋ እኩል ያረጀ መሰለ፤ በእጄ ሥራ ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ ከፊት ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ሲል ሁላችንም ሞተሩን አዳመጥን። አለፍነው። እሳቸው አንገታቸውን አዙረው እስኪሰወር ድረስ ተመለከቱት፤ ከመደነቃቸው የተነሣ ማማተብ እንኳ ረሱ። “ፈቃዱ ነው” አሉ ቀስ ብለው። ነጋዴው ከኋላ ሆነው በመስተዋቱ ዓይን ዓይኔን አዩኝና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሞጣ በጧት ገባን። ልጅቱ ተሰጠችኝ።

ሠርጉ አልፎ፣ ልጅ ወልደን፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ንስሐ ልገባ የንስሐ አባቴ ፊት ቀረብኩ። ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሯልና ኮይሉንም ዘይቱንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቁም።

“ኮይል መለወጥ ኃጢአት የለበትም” አሉ። “ያን ጊዜ ብትነግረኝም ‘እንኳን ተገኘ’ ብዬ እሄድልህ ነበር። ዘይቱን ግን ለማን ቀባኸው?”

አፈርኩ።

“ቀኖናህ ይህ ነው። በዚያ ባለፍክ ቁጥር ሞተሩን አጥፋ። ወርደህ ተሳለም። ድሮ እሷ ትቆም የነበረውን ያህል አንተ ቁም።”

አሁን አማቶቼን ልንጠይቅ ሞጣ ስንሄድ፣ እዚያ ስንደርስ ጤነኛውን ሞተር አጥፍቼ እወርዳለሁ። የሚያልፉ ሾፌሮች ደግ ናቸው፤ ፍጥነታቸውን ቀንሰው “ምን ሆነች? ኮይል ናት?” ይላሉ። ሚስቴ ልጃችንን እንደታቀፈች በመስኮት ብቅ ትልና ትመልስላቸዋለች።

“መኪናዋ ደህና ናት፤ እሱ ነው።”