ሦስተኛው መታጠፊያ

ውሃ በቧንቧ መታጠፊያ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጣ ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተምራለሁ። አንኮበር አጠገብ የታችኛው መንደር ሰዎች «ላይኞቹ ጋ ይንፎለፎላል፣ እኛ ጋ ጠብ አይልም» ብለው አቤት ሲሉ፣ የግፊት መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ።

የላይኛው መንደር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ ቧንቧውን ተከትለው ቁልቁለቱን ሲያወርዱኝ ዋሉ። ሻንጣዬን እንኳ የተሸከሙልኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መታጠፊያዎች ልክ የማስተምርበት መጽሐፍ እንደሚለው ሆኑ። ከመንደራቸው ወረድ ብሎ ያለው ሦስተኛው ግን መጽሐፉ ከሚለው አሥር እጥፍ ግፊት በላ! ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ውሃው ሲታጠፍ እርስ በርሱ እየተጋጨ እንደሚደክም እጄን እያሽከረከርኩ አስረዳኋቸው። ግኝቴን የማወጣበትን መጽሔት ሳይቀር በልቤ መርጬ ነበር።

ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ከዚያ ውሃውን ከላይ ዘጉና ከኮታቸው ኪስ መፍቻ አውጥተው መታጠፊያውን ፈቱት። ከውስጡ የተጠቀለለ የጋቢ ቁራጭ ጎትተው አወጡ።

«አሥር እጥፍ አልክ?» አሉኝ ከልባቸው አዝነው። «እኛ እኮ የውሃውን ግማሽ ብቻ ለማስቀረት ብለን ነው። በል ልጄ፣ ከጋቢው ትንሽ ልቁረጥና እንደገና ለካልን።»