ደረቅ መሬት ላይ የማይወጣ ጥሪ

ዝናቡ ኑድል ቤት ባያስገባኝ ኖሮ ሽማግሌውን ሹዬ ማንቻንግን አላውቃቸውም ነበር። ባዶ ወንበር የተረፈው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ጨዋታ ስንጀምር መምህር መሆኔን ነገርኳቸው፤ በጃፓን ጦርነት ጊዜ ስለ ቢጫ ወንዝ የተደረሰ የኅብረት መዝሙር ተማሪዎቼን እያለማመድኩ እንደሆነም ጨመርኩ።

“የቀዛፊዎቹ ጥሪ ያለበትን? እሱማ የአጎቴ ነው” አሉ።

ያለማመን ፈገግታዬን አይተው ኮምጣጤውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ጀመሩ።

ጃፓኖች የወንዙን ምሥራቅ ዳርቻ በያዙበት መከር ማንቻንግ የሃያ ዓመት ወጣት፣ የጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። የጀልባውን መሪ የሚይዘውም፣ ቀዛፊዎቹ እኩል እንዲቀዝፉ ጥሪውን የሚያወጣውም አጎታቸው ነው። ቀዛፊዎቹ ይቀበሉታል እንጂ፣ እሱ “ያንተ ነው” ብሎ ሳያስረክብ ማንም ጥሪውን ከአፉ አያወጣም። ደረቅ መሬት ላይማ በጭራሽ፤ ወንዙን በከንቱ መጥራት ነው።

አንድ ቀን ከግንባር የሚመለሱ ዘማሪ ተማሪዎችን አሻገሩ። ዳር ሲደርሱ ዜማ ደራሲያቸው፣ አንድ መነጽራም ቀጭን ወጣት፣ ጥሪውን ልጻፈው፣ ይድገሙልኝ ብሎ ለመነ።

“እዚህ?” አለ አጎትየው። “ከፈለግህ ጀልባው ያውልህ።”

ቀዛፊዎቹ ሳቁ፤ ልጁ መንገዱን ሁሉ ሲያስታውክ አይተውታላ። እሱ ግን ተመልሶ ተሳፈረ። ደብተሩን አንገቱ ላይ አስሮ ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ ያስታውካል፣ ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን አጎትየው መሪውን እንደያዘ፣ “ያንተ ነው፣ ውሰደው” አለው።

ክረምቱ ሳይወጣ አጎትየው ከማዶ በተተኮሰ ጥይት ሞተ። ከቀዛፊዎቹ ለአንዱም አላስረከበም ነበር። ያለ ጥሪ አይቀዘፍምና ጀልባው ታሰረ። ማዶ ቁስለኞች እየጠበቁ፣ ስድስት ጎረምሳ ዳር ተቀምጦ ዓይን ለዓይን ይተያያል። ማንቻንግን “የወንድሙ ልጅ አይደለህ? ጥራ” ቢሏቸው፣ “ያልሰጠኝን እንዴት?” ብለው እንቢ አሉ።

በጸደይ ማንቻንግ ገመድ ፍለጋ ከተማ ወጡ። በአንድ ግቢ ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው ቆሞ ይዘምራል። የላምባ ቆርቆሮ ውስጥ ማንኪያ ከተው ሲያንቀጫቅጩት የለየለት ማዕበል ነው። ከዚያ መሃል የአጎታቸው ጥሪ ተነሣ፤ መቶው ተቀበለ።

“እጄ በራሱ መቅዘፍ ጀመረ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ውሃው በበሩ ይገባል ብዬ ዞሬ አየሁ።”

መነጽራሙ ዜማ ደራሲ አወቃቸው። የአጎታቸውን መሞትና የጀልባውን መታሰር ነገሩት። እሱም ደብተሩን ዘግቶ፣ “ለእኔ አስረክቦኝ የለ? እንግዲህ ያንተ ነው” አላቸው።

በማግስቱ ጀልባው ተፈታ።

ኑድሌ ቀዝቅዟል፤ አልነካሁትም። ዝናቡ ሲያባራ ማንቻንግ ባርኔጣቸውን አነሡ። አንዴ ብቻ፣ ለተማሪዎቼ ስል፣ ጥሪውን እንዲያሰሙኝ ለመንኳቸው። በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

“ነገ ጠዋት ወደ ወንዙ ውረድ፣ መምህር። ቁርስ ግን በልተህ እንዳትመጣ።”