በሩ አጠገብ ያለው ቦታ

በ1965 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው የታሰርኩት። ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር በጭሰኝነት የምናርሰውን መሬት ባለርስቱ ለሌላ አከራይቶት ልቀቁ ተባልን። ትራክተር የመጣ ቀን ከፊቱ ቆሜ ነጂውን «በጃንሆይ አምላክ ቁም» አልኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ንቅንቅ አይልም። ትራክተሩ ቆመ። ፖሊስ መጥቶ የወሰደው ግን እኔን ነው።

«ገበሬ አሳምፀሻል» አሉኝ።

ከሌሎች ሴቶች ጋር የታሰርኩበት ክፍል ጭቃ ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ሁላችንም የታሰርነው በመሬት ጉዳይ ነው። ዘበኛው ስማችንን አያውቅም። ጠዋት በሩን ከፍቶ መጀመሪያ እጁ የደረሰባትን አንዲት ሴት ለምርመራ ያወጣል። ስለዚህ በሩ አጠገብ የምትተኛው አዲስ የገባች ናት። ይህን ሥርዓት የሚያስከብሩት አዴ የምንላቸው ኦሮሞ አሮጊት ነበሩ። እኔም በተራዬ እዚያ ተኝቼ፣ ወጥቼ፣ ውስጥ እግሬ በግርፋት አብጦ ተመልሻለሁ። ገበሬውን ያሰባሰበው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስሙ ከአፌ አልወጣም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የዚያኑ ገበሬውን ያሰባሰበውን ሰው ሚስት አመጡ። ሆዷ ገፍቷል። ባሏ የተደበቀበትን ታውቃለች።

አዴ በሩን አሳዩዋት። «ሙሽራዬ፣ መደብሽ እዚያ ነው።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ አንቺ በምን ቻልሽው?»

«ለኢያሱ በተነገረው ቃል» አልኳት። «ጽና፥ አይዞህ፤ አትፍራ፥ አትደንግጥ።»

«ኢያሱ ጦር ነበረው» አለች። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ ያለኝ ይኸው ነው።»

አዴ የመጽሐፉን አማርኛ ስላልተከተሉት «ጀባዹ፣ ሂን ሶዳቲን ነው የሚለው» ብዬ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና ጠየቁኝ።

«ይህ ኢያሱ ሕዝቡን የመራው ከፊት ሆኖ ነው ከኋላ?»

«ከፊት፣ አዴ።»

«አንቺ ታዲያ ግድግዳ ሥር ተወሽቀሽ ነው የምታስተምሪያት?»

ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ። አትፍራ የተባለው ስለፈራ መሆኑን፣ ደግሞም ሌሎቹ ከኋላው ስለሚመጡ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያስተዋልኩት። ቃሉ ጉዳት አያገኝህም አይልም፤ ከአንተ ጋር ነኝ ነው የሚለው። እግሬ ይጠዘጥዘኛል። ቤት የተውኳቸው ልጆቼ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ቦታዋን ብወስድላት የምሰጣት አንድ ቀን ብቻ መሆኑንም አውቄዋለሁ።

ዛሬም ክረምት ሲገባ እግሬ ያመኛል። ቆሜ መሄዴን እያሰብኩ ተመስገን እላለሁ።

ያን ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ጋቢዬን ይዤ በሩ ጋ ሄድኩ።

«ተነሽ፣ የእኔ ቦታ ይሞቃል» አልኳት።

«እትዬ፣ እግርሽ...»

«ተነሽ።»

አዴ ሥርዓቱ ፈረሰ አላሉም። ልጅቷን እጇን ይዘው ወደ ግድግዳው ወሰዷት። ከውጭ ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማሁ። ጋቢዬን አስተካከልኩ፤ አማተብኩ፤ ዘበኛው እጁን ሳይዘረጋ ተነሥቼ ቆምኩ።