በረዶ በወረደበት ቀን ሆዳችንን እንደ ፊኛ ነፋን

«እማማ፣ ዝም በይ! ዮጋ እየሠራሁ ነው!»

ዛሬ ጠዋት እንዲህ ያለችኝ የልጅ ልጄ ናት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እሷ ምንጣፍ ላይ ተንጋልላ ሆዷን ትነፋለች። ትምህርት ቤት አስተምረዋት ነው።

እኔም በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተምር ነበር። (ያኔ ዮጋ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅ!)

አንድ የክረምት ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቹ ተኩስ መሰላቸውና እየጮኹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። አባቷ ከታሰረ ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ ያልወጣት ሰሚራም አብራ ገባች።

ምን ላድርግ? ሰሌኑ ላይ ተጋደምኩ።

«ኑ፣ ሆዳችንን እንደ ፊኛ እንንፋ። በአፍንጫችሁ ሳቡ... አሁን ቀስ አድርጋችሁ አስተንፍሱት» አልኳቸው። ከሰሚራ በቀር አንድ በአንድ እየወጡ ከጎኔ ተጋደሙ።

ይሄኔ የቀበሌው ካድሬ ገባ።

«ጓድ መምህርት፣ መዝሙር በማስጠናት ፈንታ ታስተኛቸዋለሽ?»

«ሲረጋጉ እናጠናለን። አሁን ግን አላስነሳቸውም» አልኩት፣ እንደተጋደምኩ።

«ስብሰባ ላይ ትጠየቂበታለሽ!»

«እጠየቃለሁ።»

ሰሚራ እየዳኸች መጣችና እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አደረገች። «እትዬ፣ የኔም ተነፋ» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋን ሰማሁት!

ስብሰባው ላይ አቁመው ወቀሱኝ፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ አሉኝ። በማግስቱ ልጆቹ ሲመጡ ሰሌኑን አንጥፌ ጠበቅኳቸው።

እናንተስ፣ በልጅነታችሁ ፍርሃት ያስረሳችሁ ጨዋታ ምን ነበር? ማን እንዳጫወታችሁም ጨምራችሁ ጻፉልኝ።