ሳላይ ያሰራጨሁት ፎቶ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። እስከ ዛሬ ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ስለሚል፣ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለችው ሰብለ ትሰፋዋለች። ጨርቁን ከመርካቶ የሚያመጣልን ጎረምሳ እጮኛዋ ነበር፤ ከተለያዩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር።

ይሄ ሰው ጠዋት ጠዋት የአዲስ ዕቃ ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። እኔም መነጽር መፈለግ ስለሚሰለቸኝ ሁሉንም በአንዴ መርጬ «አዲስ ገብቷል፣ ፍጠኑ!» ብዬ በደንበኞቼ ቻናል ላይ አስተላልፋለሁ፤ እሱም ይህን ያውቃል። ያን ቀንም እንደዚያው አደረግኩ።

ወዲያው አንዲት ደንበኛዬ ደወለች። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ቶሎ ያጥፉት!»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁ። ከመጋረጃዎቹ መሀል ሰብለ አለች፤ ልብስ አልለበሰችም። ከላይ የእኔ «ፍጠኑ!» አለ።

አጠፋሁት። ስንት ሰው እንዳየው ግን ከሥሩ አንብቤያለሁ።

በግድግዳው በኩል የስፌት ማሽኗ ይሰማኛል። አልሰማችም ማለት ነው። ማሽኑ ለአፍታ ዝም ባለ ቁጥር ወደ በሬ አያለሁ።

የማፍረው በዚያ ሰዓት ባሰብኩት ነው። «ማን ተነሺ አላት?» አልኩ በሆዴ። ጥፋቱ የሷ ከሆነ የእኔ ይቀልልኛላ! ባለ ሸቀጧ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ ገብታ «ድሮም ሁኔታዋ አያምረኝም ነበር» ስትል በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ሰብለ ቀሚሷን በነፃ ካሳጠረችላት ሳምንት አልሞላውም።

ከዚያ ማሽኑ ቆመ። ጠበቅኩ፤ አልተነሳም። ሄድኩ። ሰብለ በሩን ገርበብ አድርጋ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ እርስዎም አዩት?»

«የበተንኩት እኔ ነኝ» አልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ሳያዩ?»

«ሳላይ።»

«ካዩት በኋላስ ስለ እኔ ምን አሉ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ላገባው ነበር እኮ» አለች። ዓይኗን ጠረገች። «እሱ የላከልዎትን አላጠፉትም አይደል? እንዳያጠፉት። ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን።» እሺታዬን አልጠበቀችም።

ጣቢያ ቃል የሚቀበለው ሰው ገና ከመጀመሩ «አንቺስ ለምን ተነሳሽ?» አላት። የእኔው ቃል በሰው አፍ ሲመጣ ጆሮዬ ጋለ። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ» አልኩት።

ጉዳዩ ገና አላለቀም። ሰብለ ኮዬ ፈጬ ሱቅ ይዛለች፤ ከእኔ ጨርቅ አትወስድም፤ አልፈርድባትም። መጋረጃ ሰፊ ለሚጠይቀኝ ስልክ ቁጥሯን እሰጣለሁ። «ያቺ ፎቶዋ የወጣው?» ብሎ ፈገግ የሚል አይጠፋም። «ያወጣሁት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። ይስቅና ስለ ጨርቁ ይጠይቀኛል።

በዚህ ምክንያት አንድም ደንበኛ ቀርቶብኝ አያውቅም። ነጋዴ ሆኜ በዚህ መከፋቴ ለራሴም ይገርመኛል።