ሸምበቆ አይቃኝም

እሱማ ውሸት ነው! ማነው «በጓደኛው ጫንቃ ተንጠልጥሎ ኪነት ገባ» ያለው? እኔ በሰው ጫንቃ የምንጠለጠል ሰው አይደለሁም፤ ክብደቴም አይፈቅድም። የአውራጃው ኪነት ቡድን የገባሁት በዚህ በቀኝ እጄ ነው፣ ክራር በሚመታው። ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ «እሱ'ኮ መጀመሪያ ተባሮ ነበር» የምትሉትን ግን አልክድም። ተባርሬያለሁ። ለምን እንደተባረርኩ ስለማታውቁ ነው የምትስቁት፤ ብታውቁ እናንተም በቅናት ትከስሉ ነበር።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው አፍ ስሙት።

የቀናሁበት ልጅ ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ከጠራሁት ይኮራል። እኛ ሰፈር ቀጭኑ ነው የምንለው፤ ንፋስ ሲነሳ እናቱ ከቤት አታስወጣውም ብለን እንቀልድበት ነበር። አባቱ ጫት ነጋዴ ናቸው። ጠዋት ጫቱ ታስሮ፣ መኪና ላይ ተጭኖ ከሄደ በኋላ መጋዘናቸው ባዶ ይሆናል። እኛ ሁለታችን ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሙዚቃ የተማርነው እዚያ ነው። መምህራችን ማን ነበር? እኔ! እሱ የሚያውቀው ምን ነበረና።

ያኔ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሁለት እጅ ያለው ወጣት ሁሉ ክራር መቺ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ክራር የያዘ ሰው ፊቱ ነፃ ነው። እየመታህ ትስቃለህ፣ እየመታህ ትጠቅሳለህ፣ ከፈለግህም ትዘፍናለህ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ግን አፉ ሥራ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ጠሞ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ጥርሱን ያመመው ነው የሚመስለው። ጥርሱን ላመመው ሰው የቷ ኮረዳ ናት ልቧ የሚደነግጠው?

ክራሬን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ሆዱ የቆርቆሮ ሳህን፣ ላዩ የፍየል ቆዳ፣ ክሩ ደግሞ ከቢስክሌት ፍሬን ሽቦ የተፈታ። ሽቦ ስለሆነ አጥብቀህ ካልወጠርከው አይጮህም። ሲወጠር ግን እኔ መጋዘን ውስጥ ስመታ መናኸሪያ ያለ ሹፌር ጡሩምባ መስሎት ዳር ይይዛል። አራተኛ ክፍልን ሁለቴ ተቀምጬበት ትምህርት እምቢ ያለኝ ሰው፣ ክራር ግን በሁለት ወር እጄ ገባ። ይሄ ተሰጥኦ ካልሆነ ምንድነው?

አንድ ቀን ቀጭኑ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «አቦ፣ እኔም ክራር ልማር» አለኝ።

ደነገጥኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ክራር? «ተው አንተ! ይሄ ጣት ጫት ይሰር እንጂ ክራር የት ያውቅና!» አልኩት። «አያትህ መቻራ ኡሉሌ ይነፉ የለም እንዴ? ዘራችሁ ነፊ ነው። ሂድና እሱን ተማር።» ኡሉሌ ማለት በኦሮምኛ ዋሽንት ነው።

«የምርህን ነው?»

«በማርያም! ዋሽንት ላንተ ነው የተፈጠረው፣ ቁመናችሁም አንድ ነው።»

የዋህ ነው፣ ሄደ። ቡና በሚለቀምበት ሰሞን መቻራ ከረመና አያቱ የሰጡትን አንድ ረጅም ዋሽንት በነጠላ ጠቅልሎ ተመለሰ። ሲነፋው እንደ ሽማግሌ ወፈር ያለ ድምፅ አለው። እኔ ሳቅሁ። እዩልኝ እንግዲህ፣ ወደ ዋሽንት ገፍቼ የላክሁት እኔ ነኝ! እስከዛሬ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ይሄ ነው።

ከዚያ የአውራጃው ኪነት ተጫዋች ሊመርጥ ነው ተባለ። የገባ ሰው ካኪ ይለብሳል፣ በመኪና ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ መቻራ እየዞረ መድረክ ላይ ይወጣል። እኔ ካኪው በልኬ እንደሚሰፋ አልተጠራጠርኩም። ለሰፈሩም ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ እንዲያውም አንዷን «መኪና ላይ ሆኜ እጄን ሳወዛውዝልሽ እንዳታፍሪኝ» ብያታለሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ስንደርስ የኪነቱ ኃላፊ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉ። ተራ በተራ ይጠይቃሉ።

«ምን ትመታለህ?»

«ክራር።»

«አንተስ?»

«ክራር።»

«አንተስ ምን ትመታለህ?»

«ክራር፣ ጓድ።»

እኔ አስራ አንደኛ ነበርኩ። እኔም «ክራር» ስል እርሳሳቸው እጃቸው ላይ ቆመ። «የዚህ ከተማ ልጅ ሁሉ መቺ ነው እንዴ?» አሉ። «የሚነፋ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ይሄኔ ከኋላ አንዱ የተረገመ፣ «ጓድ፣ እሱ'ኮ ይነፋል!» ብሎ በጣቱ እኔን አሳየ።

ኃላፊው ደስ አላቸው። «እ? ምን ይነፋል?»

«ጉራ!»

አዳራሹ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ፤ ቀልዱ ጥሩ ነው፣ የእኔ አለመሆኑ ነው የከፋኝ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ቀጭኑ ከጥግ ተነሳና ነጠላውን ፈታ። ትንሽ ነፋ። ትንሽ ነው የነፋው ወላሂ፣ እንደሱ ልማልና። ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ለእኛ ለአስራ አንዳችን ያላወረዱትን!

«በቃ፣ አንተ ገብተሃል» አሉት። «ክራሮቹን አሁን እሱ ይመርጥልናል። ለእሱ ዋሽንት እየቃኛችሁ አብራችሁት ምቱ።»

አንዳንዶቹ ቃኝተው መቱ። የእኔ ተራ ደረሰ። አሁን የማወራው የሞኝነቴን ነው፣ ልብ በሉ። ያ የአያት ዋሽንት ድምፁ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ነው። የእኔ ሽቦ ደግሞ ከላላ ዘፈኑን ትቶ እንደታመመ ፍየል ያስላል። ያን ሁሉ ሰው ፊት ላስልላቸው ነው? ደግሞስ ለማን ብዬ ነው የማላላው? እኔ ወደ ዋሽንት ለላክሁት ልጅ?

«እኔ አልወርድም» አልኩ። «እሱ ወደኔ ይቃኝ!»

ኃላፊው ራሳቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ልጄ፣ ሸምበቆ እንዴት ነው የሚቃኘው? ጆሮ የለው እንደ ክራር አይጠመዘዝ! ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል፣ ያው ነው። ክራር ነው ለዋሽንት የሚቃኘው።»

ያ የተረገመ ከኋላ፣ «እሱንስ ማን ይቃኘው?» አለ።

ሦስት ክራር መቺ ተመረጠ። እኔ ሽቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ቅናት ከዚያ ነው የጀመረው፣ እያንዳንዷን ነገር እየቆጠርኩ ነበር የምቀናው። ካኪው በልኩ ተሰፋለት፤ እንኳን ትከሻ መስቀያ የሌለው ልጅ ካኪ አማረበት። ሌሎች ሦስት አጫጭር ዋሽንቶች ተጨመሩለት። ለትንፋሹ ተብሎ በየጠዋቱ እንቁላል! ክራር መቺ እንቁላል አያስፈልገውም? ጣትስ ጉልበት አይፈልግም? ጉዞ ሲሆን ሦስቱ ክራሮች ከከበሮው ጋር ከኋላ አቧራ እየቃሙ ሲሄዱ፣ እሱ ጋቢና ነው፤ «ደረቱን ንፋስ እንዳይመታው!» በዚያ ላይ ያቺ እጄን አወዛውዝልሻለሁ ያልኳት ልጅ፣ አንድ ቀን አስቁማኝ «ጓደኛህ ሲነፋ ጉንጩ እንዴት ያምራል» አለችኝ። ጥርሱን ያመመው የሚመስለው ጉንጭ!

ክፋቱ ደግሞ እሱ አልኮራም። ቢኮራ ተጣልቼው እገላገል ነበር። «አቦ፣ ና መጋዘን እንምታ» ይለኛል። እኔ «እጄን አሞኛል» እላለሁ። ጫቱ መሃል እየተቀመጠ አንድ ቅጠል አይቀምም፤ አፉ ይደርቅበታል። የጫት ነጋዴ ልጅ ለዋሽንት ብሎ ጫት ሲተው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያም ቀናሁ። እኔ ለክራር ብዬ የተውኩት ነገር አልነበረኝም፣ ትምህርቱንም እሱ ነው የተወኝ።

ለቦርደዴው ዝግጅት ዕቃ የሚጭን ሰው ሲፈለግ እኔ ሄድኩ። ለምን ሄድክ ካላችሁኝ፣ ሲሳሳት ልይ ብዬ ነው። ከከበሮውና ከጄኔሬተሩ ጋር ከኋላ ተጭኜ ቦርደዴ ገባሁ። የዚያን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ለደጋ ሰው ጥላው ራሱ ያልበዋል። መድረኩ አደባባዩ ላይ በሳንቃ ተሠርቷል፣ ዝግጅቱ ከሰዓት ነው።

ቀጭኑ ሶላት ሊሰግድ ሲሄድ ነጠላውን ከነዋሽንቶቹ አቀበለኝ። «አደራ» አለኝ። «ጥላ ውስጥ አድርጋቸው፣ ሸምበቆ ፀሐይ አይወድም።»

ጋቢናው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ያኔ ጥላ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እኔ ከጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ ፀሐይዋ ዞረች። መጀመሪያ መሪው ላይ ወጣች። ከዚያ ቀስ እያለች ወደ ነጠላው ሄደች። አየኋት። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። «ፀሐይን እኔ አላዞርኳት» አልኩ በልቤ። እንቁላሉን አሰብኩ፣ ጋቢናውን አሰብኩ፣ ጉንጩን አሰብኩ፤ ተነስቼ ውኃ ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ቀጭኑ ነጠላውን ፈቶ ቆሟል። ሦስቱ አጫጭሮች ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል። የአያቱ ረጅሟ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ብቻ ነው ያላት። ከጄኔሬተሩ ሠራተኛ ሽቦ የሚለጥፍበትን ጥቁር ናስትሮ ለምኖ ጠቀለላት፣ ነፋት፤ ድምፅ ወጣ። ግን ድምፁ ከድሮውም ትንሽ ወርዷል።

ሦስቱ ክራሮች ለአንደኛው አጭር ዋሽንት ነበር ተቃኝተው የመጡት። አሁን እንደገና ሲቃኙ አንዱ ያላላል፣ አንዱ ይወጥራል፣ ሦስተኛው ሁለቱን እየሰማ ግራ ይጋባል፤ መድረኩ የገበያ ቀን መሰለ። የቦርደዴ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ የደስታ ጭብጨባ አይደለም፣ «ምን ሆናችሁ» የሚለው ነው። ኃላፊው መነጽራቸው ወደ ግንባራቸው ተመልሷል። ቀጭኑ መሃል ቆሞ ያቺን አንድ ድምፅ ብቻውን ይነፋል፣ የሚደርስለት የለም።

እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? ልይ ብዬ የመጣሁት ይሄንኑ ነው። ግን ያቺ ዋሽንት'ኮ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ፣ ስንት ወር ጆሮዬ ሥር የኖረች ናት። ብትታመምም ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

መድረኩ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ካኪ የለኝም፣ ሸሚዜ የጄኔሬተር ዘይት ነው። ከአንዱ እጅ ክራሩን ቀማሁትና ጆሮውን እየጠመዘዝኩ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ወረድኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ወርጄ አላውቅም። የኪነቱ ክራር የናይለን ክር ስለሆነ አላሳለም። ድምፃችን ሲገጥም ቀጭኑ ዞሮ እንኳን አላየኝም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈኑን ጀመረ። በእጄ ነው ያወቀኝ። ሁለቱ ክራሮች እኔን እየሰሙ ቃኙ። የቦርደዴ ሰው ትከሻውን ሰበቀ፣ ሴቶቹ እልል አሉ።

ሲያልቅ ከመኪናው ኋላ ሁለታችን ብቻ ቆምን።

«ፀሐይዋ ስትመጣ አይተሃታል፣ አይደል?» አለኝ።

«አይቻታለሁ።»

«ወላሂ አውቄ ነበር።» ዋሽንቷን በነጠላው ጠቀለላት። «አያቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ መሰለህ?»

«ምን?»

«አደራ የሚሰጠውን ሰው የማያውቅ አህያ ነው ይላሉ። እኔን ነው የሚሰድቡት።»

ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ኃላፊው መጡ። «ዋሽንቶቹን ምን አገኛቸው?» ብለው ጠየቁት። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ «የቦርደዴ ሙቀት ነው፣ ጓድ» አለ። «የቀረችኝ ይቺ ናት። ለእሷ መቃኘት የሚያውቀው ይሄ ልጅ ነው። እሱ ከሌለ እኔም አልነፋም።»

ገባሁ። ሌላ ዋሽንት እስኪሠራለት ሳይሆን ለሁልጊዜ ገባሁ። ካኪውም ተሰፋልኝ፣ እጅጌው ትንሽ ቢያጥርም። ታዲያ ስሜን የሚጠራ የለም፤ በየሄድንበት «የዋሽንቱ ክራር» ነው የሚሉኝ፣ ውሻ በጌታው እንደሚጠራ! እሱ አሁንም ጋቢና ነው፣ እኔ ከከበሮው ጋር አቧራ ላይ። እንቁላሉንም እንደቀናሁበት አለሁ፤ አንዳንዴ ግማሹን ሲሰጠኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ስለዚህ «በጓደኛው ጫንቃ ገባ» የምትሉ፣ ከሻይ ቤት ተነሱና ቦርደዴ ሂዱ። ያን ቀን አደባባይ የነበረ ማንንም ጠይቁ፤ በዘይት ሸሚዝ ዘሎ የወጣው ማነው በሉ። የጄኔሬተሩን ሠራተኛ ጠይቁ፣ ናስትሮውን ራሱ ነው የሰጠው። ኃላፊውንም ጠይቁ። ቀጭኑን ራሱን ጠይቁት! ዋሽንቶቹን ፀሐይ ላይ የተዋቸው ማን እንደሆነ እሱ ከነገራችሁ፣ እኔ ክራሬን ፊታችሁ እሰብራለሁ።